ሞተሩን ማን አጠፋው?

ነፋሱ ከቀትር ጀምሮ አላረፈም። መርማሪዋ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጋራዡ ስትደርስ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጫቀጫል፤ ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ ቃሬዛውን የያዙትን ሁለት ሰዎች ዓይን ያስጨፍናል። አስከሬኑ ከጉድጓዱ ወጥቷል። መርማሪዋ የሸራውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ስልሳ ዓመት ያለፈውን ሰውዬ አየች። ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል።

«አዳማጩ ነው የሚሉት» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ። «የጋራዡ ዋና መካኒክ ነበር። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ በሽታ የሚያዳምጥ። በር ዘግቶ ሞተር አስነሣ፣ ጭሱ አዞረውና ጉድጓድ ገባ። አደጋ ነው። ፈርመው ቢሄዱ ይሻላል፤ ዝናብም ሊመጣ ነው።»

«አደጋ ነው ያለው ማነው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም አንድ ቃል ከተናገረ መጠየቅ አለብኝ» አለችና ገባች።

ሃምሳ ዓመት ያለፋት ቀጭን ሴት ናት። ስታስብ መቀመጥ አይሆንላትም፤ የእጅ ሰዓቷን አውልቃ በመዳፏ ውስጥ እያገላበጠች ትንጎራደዳለች። መኪና መንዳት አትችልም፤ ይህንንም አትደብቅም።

ጋራዡ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። ወደ መንገዱ ሁለት ትልልቅ የብረት በሮች አሉት፤ በጎን በኩል ወደ መለዋወጫ ሱቁ የምታስገባ ጠባብ በር አለች። በመሐል፣ መካኒክ ቆሞ የመኪና ሆድ የሚያይበት የሰው ቁመት ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ አፍ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ነጭ አሮጌ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል።

መጀመሪያ ያናገረችው ሸሪኩን ነው። ሸሪኩ የሱቁ ባለቤት ነው፤ ሠላሳ ዓመት እሱ ሸጧል፣ አዳማጩ ገጥሟል። ወፍራም ነው፤ ሸሚዙም ጥፍሩም ንጹሕ ነው። ሲናገር የሸሚዙን እጅጌ ይጠቀልላል፣ መልሶ ያወርዳል፣ እንደገና ይጠቀልላል።

«ስምንት ተኩል ላይ ብቅ ብዬ አየሁት። የመምህሩን መኪና ሞተር ሊያስነሣ ነበር። ወደ ሱቄ ተመለስኩ፤ ደንበኞች ነበሩኝ፣ መጠየቅ ይችላሉ። አስር ከሩብ ላይ ዝም ሲለኝ ገባሁ።»

«ማን ነው ዝም ያለው?»

«እሱ። ሞተሩማ ይሠራል።»

«እንዴት ነበር የሚሠራው?»

«እንደ ንብ ነዋ! ቤቱን ጭስ ሞልቶታል። አፍንጫዬን ይዤ፣ በመስኮቱ እጄን አስገብቼ ቁልፉን አጠፋሁ። ትልቁን በር ከፈትኩ። ዞር ስል…» ወደ ጉድጓዱ በአገጩ አመለከተ። «ሠላሳ ዓመት አብረን!»

«በሩን የዘጋው ማነው?»

ሸሪኩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጁ ናት። አቧራ እንዳይገባ ብላ። ምን ታድርግ፣ አላወቀች! ‹ልጄ፣ ሳታውቂ ነው፤ ማንም አይፈርድብሽም› ብያታለሁ።»

«ብለዋታል?»

«ሦስት ጊዜ!»

መርማሪዋ ሰዓቷን አንዴ ገለበጠችው። ሰውን ለማጽናናት አንድ ጊዜ ይበቃል ብላ አሰበች፤ ሦስተኛው ላይ ነገሩ ምስማር መምታት ይሆናል።

የመኪናው ባለቤት የጂኦግራፊ መምህር ነው። መኪናውን ሊወስድ አስር ተኩል ላይ መጥቶ ሬሳ አገኘ። እጅጌው ላይ ጠመኔ አለ።

«ጠዋት ጮኼበት ነበር» አለ። «‹ሦስት ወር ሙሉ! ወይ አድነው ወይ ግደለው› አልኩት። መኪናውን ማለቴ ነው። እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ መኪናውን ማለቴ ነው።»

«ስምንት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«ክፍል ውስጥ። ስልሳ ተማሪ ምስክር አለኝ፤ አርባው ተኝቶ ቢሆንም።»

«የመኪናው ሕመም ምንድን ነው?»

«ከቤቴ ስወጣ ጤነኛ ነው። ትንሽ ሄዶ መንተባተብ ይጀምራል፣ ያስላል፣ ይሞታል። ጥቂት ካረፈ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። እዚህ ሳመጣው ግን አንድም ቀን ታሞ አያውቅም! ውሸታም ሊያደርጉኝ ደረሱ። ፊልትሮ ቀየሩ። ፓምፑን አውጥተው የኤሌክትሪክ ገጠሙ። ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ አጠቡ። ታንኩ ጢም ብሎ ሲሞላማ ይብስበታል፤ ይህን ስናገር ደግሞ ይስቁብኛል።»

«ዛሬም ሳቀብዎት?»

መምህሩ ጠመኔውን ከእጅጌው አራገፈ። «ዛሬ አልሳቀም። ‹ሲቆምብህ ምን ስታደርግ ነው የሚነሣው?› አለኝ። አንድ ቀን ነዳጅ ያለቀ መስሎኝ ከጀሪካን ስጨምርበት ወዲያው እንደተነሣ ነገርኩት። ያኔ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና ‹አስር ተኩል ላይ ና፤ ሕመሙን በዓይንህ ታያለህ› አለኝ።»

«ሕመሙ መቼ ጀመረ?»

«የነዳጅ ክዳኔ የተሰረቀብኝ ሰሞን። ክፉ ሰሞን ነበር።»

«ሌላ ክዳን ከየት ገዙ?»

«ከዚሁ ሱቅ። ለምን?»

«እንዲያው ነው። መኪና አላውቅም እኮ» አለች መርማሪዋ።

ልጅቷ ውጭ፣ በአጥሩ ጥግ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንደ አባቷ ቱታ የለበሰች መካኒክ። መርማሪዋ ስትጠራት በሁለቱ ትልልቅ በሮች መካከል በጎኗ ሾልካ ገባች። በሩ ሰው እንደሚያቃጥል ሁሉ ቱታዋ እንኳ እንዳይነካው ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች። መርማሪዋ ይህን አየች።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

«አልችልም።»

«እኔም አልችልም። እየተራመድን እናውራ።»

በመኪናው ዙሪያ መዞር ጀመሩ። ልጅቷ ሳትጠየቅ ተናገረች። «እኔ ነኝ። ስምንት ሰዓት ላይ እኔ ነኝ በሩን የዘጋሁት። ካርቡሬተሩን ፈትቶት ነበር፤ አቧራ ጠላቱ ነው። ‹ዝጊው› አለኝ፣ ዘጋሁት። ከዚያ ብረት ላስቀርጽ ወደ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ሲጨርስ ሞተሩን እንደሚያስነሣ ማወቅ ነበረብኝ። ማወቅ ነበረብኝ!»

«በሩን ሳይከፍት ሞተር ያስነሣ ነበር?»

«አባዬ? በሕይወቱ አድርጎት አያውቅም። በልጅነቴ በጥፊ የመታኝ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ለዚህ።»

«እና ዛሬ ለምን አደረገው?»

መርማሪዋ መልስ አልጠበቀችም። «በይ አስተምሪኝ። እንደ ሕፃን ቁጠሪኝ። ይህ መኪና እንዴት ነው የሚነሣው?»

ልጅቷ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ በመስኮቱ እጇን አስገባችና ቁልፉን አዞረች። ቀጭ የሚል አንድ ደካማ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ምንም።

«ባትሪው ሞቷል» አለች።

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ባንድ ንክ ነው የተነሣው።»

«ሞተሩ ሁለት ሰዓት ያህል ሠርቷል አሉኝ። ባትሪውን የጨረሰው ያ ይሆናል?»

«ኧረ! የሚሠራ ሞተርማ ባትሪ ይሞላል እንጂ…» ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች።

«እሱን እንያዘው። ይህ ጨርቅስ?»

ከነጂው ወንበር ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል። ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተጣጥፈው ከተከመሩት አንዱ ነው። በላዩ ምንም የለም፤ መሐሉ ላይ ግን የመዳፍ ስፋት ያለው ክብ የቅባት ምልክት አለ።

ልጅቷ የምልክቱን ዙሪያ በጣቷ ተከተለች። «አግኝቶት ነበር ማለት ነው። አባዬ የታመመውን ዕቃ ሲያገኝ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ባለቤቱ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ‹ሰው የከፈለበትን ሕመም በዓይኑ ይየው› ይላል። ያለዚያ ጨርቁን አይዘረጋም።»

«ዕቃውስ የት ሄደ?»

ልጅቷ ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ የመኪናውን ሆድ አየች። የለም።

«በይ ቀጥይ። ነዳጁ ከየት ይነሣል?»

«ከኋላ፣ ከታንኩ። ፓምፑ ይስበዋል፣ ፊልትሮው ያጣራዋል፣ ካርቡሬተሩ ከአየር ጋር ያዋሕደዋል።» እያወራች ወደ ኋላ ሄደች፤ እጇ ሳታስበው የታንኩን ክዳን ጨብጦ አዞረ።

ፍስስስስ አለ። ረጅም ነበር፤ ትንፋሹን አፍኖ እንደቆየ ሰው።

ልጅቷ ክዳኑን እንደያዘች ደረቀች።

«ለምን ከፈትሽው?» አለች መርማሪዋ፣ በጣም ቀስ ብላ።

«ሁልጊዜ እንከፍተዋለን። መኪና ገና ሲገባ ክዳኑን ፈትተን ጣሪያው ላይ እናስቀምጣለን፤ ነዳጁን ለማየትና ለማሽተት። የአባዬ ሥርዓት ነው።» ክዳኑን ገልብጣ ወደ ብርሃን ያዘችው። በጥፍሯ ፈተገችው። «ቀዳዳ የለውም። ነዳጅ በወጣ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት፤ ክዳን ይተነፍሳል። ይህ አይተነፍስም። ታንኩ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ ፓምፑ ቢስብ ቢስብ ነዳጁ እምቢ ይላል። ታንኩ ሲሞላ ደግሞ ውስጥ ያለው አየር ትንሽ ነው፤ ቶሎ ይታፈናል። መምህሩ እውነቱን ነበር!»

«እናንተ ደግሞ፣ ሐኪም ቤት እንደደረሰ በሽተኛ፣ መጀመሪያ ትንፋሹን ትከፍቱለታላችሁ፤ እዚህ የማይታመመው ለዚያ ነው።»

«ሦስት ወር!» አለች ልጅቷ።

«ክዳኑን መልሰሽ ግጠሚው። ለማንም አትንገሪ።»

ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ የላሜራ ቀጥቃጩ ግቢ ነው። ሰዉ ሁሉ ደውሉ ይለዋል፤ ከንጋት እስከ ማታ መዶሻው አያርፍምና። መርማሪዋ ስትገባ የተጨራመተ የመኪና በር ላይ ቁጭ ብሎ፣ የሚቀጠቅጠው ስላጣ ጉልበቱን በጣቱ ይመታል።

«ጮክ ይበሉልኝ፣ እትዬ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔስ ድምፅ በሌለበት እየጮኸ ጭራሽ ጠላት ሆኗል።»

«የሞተሩን ድምፅ ሰምተሃል?»

«ስምንት ተኩል ላይ ሲነሣ ሰማሁ። ከዚያ ቀጠቀጥኩ። ስቀጠቅጥ የዓለም መጨረሻ ቢመጣም አልሰማ።»

«አላረፍክም?»

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውኃ ልጠጣ አረፍኩ። ያኔ ጆሮዬ ጀመረኝ። ጥክ ጥክ ጥክ ጥክ… እንደ ሰዓት፣ ግን የቸኮለ ሰዓት። ‹አንተ ጆሮ፣ ዛሬ ደግሞ በአዲስ ዜማ መጣህ› ብዬ ሰደብኩት።»

«ያኔ ሞተሩ ይሠራ ነበር?»

ደውሉ ጉልበቱን መምታት አቆመ። «ልማልልዎት አልችልም። ይህን ጆሮ ይዞ ማን ይምላል?»

ከግቢው ጥግ ፊቱ የተጨፈለቀ ሚኒባስ ቆሟል። መርማሪዋ ስታየው ደውሉ ዓይኑን ከእሷ አሸሸ።

«የታናሽ ወንድሜ ነው። አምና ባቡር ሐዲድ ላይ ቆመበት። ሁለት ሰው ሞተ። ‹ሞተሩ ራሱ ጠፋብኝ› አለ፤ ‹ባቡር ልቅደም ብለህ ነው› ብለው አምስት ዓመት ፈረዱበት። አዳማጩ ብቻ ነው ያመነው። በየሳምንቱ እየመጣ ያየዋል፣ ያዳምጠዋል። የሞተ ሞተር ምን ይነግረዋል እላለሁ እኔ።» አፍንጫውን ጠረገ። «ዛሬ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ከኋላ አንድ ነገር ከፈተ፣ ዘጋ። ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልስ ሄደ። እሱ ሰው ነበር ሰላምታ የማይመልስ?»

መርማሪዋ ወደ ሚኒባሱ ኋላ ሄዳ የነዳጁን ክዳን ፈታች። ወደ ሰማዩ አንሥታ አየችው። ቀዳዳ አልነበረውም።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ነፋሱ ዛሬም አልተኛም። ሸሪኩ፣ መምህሩና ደውሉ በግድግዳው በኩል ቆሙ፤ ልጅቷ ሌላ ባትሪ ገጥማ መኪናው አጠገብ ትጠብቃለች። ሁለቱ ትልልቅ በሮች ትናንት እንደተተዉ ገርበብ ብለዋል፤ ፖሊሱ መካከላቸው ቆሟል።

«አስነሺው» አለች መርማሪዋ።

ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። መርማሪዋ ሰዓቷን የመኪናው ጣሪያ ላይ አስቀመጠችና መንጎራደድ ጀመረች።

አምስት ደቂቃ አለፈ። አስር ደቂቃ አለፈ።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለ መምህሩ።

«ሕመሙን በዓይንዎ እንዲያዩ ተነግሮዎት አልነበር? ቀጠሮው አንድ ቀን ዘገየ እንጂ አልተሰረዘም።»

ሸሪኩ እጅጌውን ጠቀለለ። «በዚህ ጭስ ደግሞ እኛም ልንሞት ነው? ልጅቷን እዩአት እንጂ! አባቷ በሞተበት ጭስ…»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ። ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነው።

አስራ አምስት። ሃያ። ደውሉ ከአንድ እግር ወደ ሌላው ይቀያይራል። ሸሪኩ እጅጌውን አወረደ፣ ጠቀለለ። ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንተባተበ። ሁሉም አንገቱን አቀና። ሞተሩ አገገመ፣ አሳለ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ቀጥ አለ።

ማንም ቁልፉን አልነካም።

በጸጥታው ውስጥ ከመኪናው ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ። ጥክ ጥክ ጥክ ጥክ ጥክ።

«ጆሮዬ!» ብሎ ጮኸ ደውሉ። «እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው! እናንተም ትሰማላችሁ?»

«ሁላችንም እንሰማዋለን» አለች መርማሪዋ። «የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ቢሞትም ቁልፉ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይመታል። ጆሮህን ይቅርታ ጠይቀው፤ ትናንት ከሁሉ የታመነው ምስክር እሱ ነበር።»

ሰዓቷን ከጣሪያው አነሣች።

«እኔ መኪና አላውቅም። ያወቅሁትን ያወቅሁት ከዚህች ልጅ ነው። ትናንት ይህ ሞተር ስምንት ተኩል ላይ ተነሣ። ክዳኑ በታንኩ ላይ ነበር፤ ክዳኑ ደግሞ አየር አያስገባም። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ዛሬ እንዳያችሁት ራሱ ሞተ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውሉ የሰማው ጥክጥክታ ይህን ይነግረናል፤ ሞተሩ እየሠራ ቢሆን ይህን ቀጭን ድምፅ ማን ይሰማው ነበር? ቁልፉ ክፍት እንደሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ፤ ፓምፑ ባትሪውን ጨረሰው። ሁለት ሰዓት ያህል ሠርቶ ቢሆን ባትሪው ሙሉ ይሆን ነበር። ታንኩን ስንከፍትም ያ ረጅም ትንፋሽ አይወጣም ነበር።»

ወደ ሸሪኩ ዞረች። «እርስዎ ግን አስር ከሩብ ላይ እንደ ንብ የሚሠራ ሞተር አጠፋሁ አሉኝ። የሞተ ሞተር እንዴት ነው የሚጠፋው?»

«ደንግጬ ነበር… ምናልባት…»

«ደንግጦ የገባ ንጹሕ ሰው ‹ሞተሩ ጠፍቶ አገኘሁት› ይላል። ምን ይጎዳዋል? ሞተሩ ይሠራ ነበር ብሎ መዋሸት የሚያስፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጭሱ እንዲገድል አስቦ አስነሥቶት የሄደው። ሲመለሱ ዝም ብሎ አገኙት። ለምን ዝም እንዳለ አልገባዎትም። ቁልፉን ዘግተው ‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት› ማለት ግድ ሆነብዎት።»

«ለምን ብዬ? ሠላሳ ዓመት አብረን በልተን!»

«ለዚህ።» መርማሪዋ ነጩን ጨርቅ ከወንበሩ ላይ አንሥታ ክብ ምልክቱን አሳየች። «አዳማጩ ሕመሙን አግኝቶ እዚህ ላይ አስቀምጦት ነበር። ምልክቱ ከክዳኑ ጋር ልክ ነው። እሱ የታመመ ክዳን መልሶ አይገጥምም፤ በተዘጋ በርም ሞተር አያስነሣም። ክዳኑን አንሥቶ የመለሰው እንዳይታይ የፈለገ ሰው ነው። እንዳይታይ የሚፈልገውስ? የሸጠው። አዳማጩ እኩለ ቀን ላይ የሚኒባሱን ክዳን ከፍቶ አይቷል፤ ያው ነው፤ ከአንድ ካርቶን ነው የወጣው።»

ደውሉ ከግድግዳው ተላቀቀ። «የየትኛው ሚኒባስ?» አለ። መልሱን ግን ፊቱ ቀድሞ አውቆታል።

«ዛሬ ጠዋት ሱቁን ፈተሽን። ካርቶኑ መደርደሪያው ሥር ነው። አስራ አንድ ክዳን ቀርቶበታል፤ አስራ አንዱም ተበስቷል። የፋብሪካ ቀዳዳ ግን አይደለም። ጠማማ ነው፣ በእጅ የተበሳ። የሐዲዱ አደጋ ከደረሰ በኋላ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን በስቷል። አንዱ ብቻ አመለጠው፤ እሱ ለመምህሩ ተሸጠ።»

ሸሪኩ እጅጌውን መጠቅለል አቆመ። እጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ ተንጠለጠሉ።

«አንድ ሾፌር ነው የነገረኝ» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «‹ክዳንህ መንገድ ላይ ያፍናል› አለኝ። ከአደጋው በኋላ ነው። ምን ላድርግ? የሞቱት አይመለሱ። በሳኋቸው። ትናንት ይሄን ክዳን በጨርቅ ላይ አድርጎ ጠራኝ። ‹ነገ ጠዋት አብረን ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን፤ ብትቀር ብቻዬን እሄዳለሁ› አለ። ብለምነው ጀርባውን ሰጠኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው ያሰብኩት።»

«ክዳኑን ለምን መለሱት?» አለ መምህሩ፤ ጥያቄው ከአፉ አምልጦት ነው። «ወስደው ቢጥሉትስ?»

«ክዳን የሌለው መኪና ‹ክዳኑስ የት አለ› ያሰኛል። በኋላ ልቀይረው ነበር፣ ፖሊስ ቤቱን ዘጋው።» ሸሪኩ ሞተሩን አየው። «ሲነዳ ብቻ የሚያፍን መስሎኝ። ቆሞም ያፍናል? እኔ ምን አውቃለሁ። ሻጭ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁ።»

ልጅቷ ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ሄደች። «ጋሼ፣ ሞተሩን ስታስነሣ አባዬ ይተነፍስ ነበር?»

ሸሪኩ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ሦስት ጊዜ ‹ሳታውቂ ነው› አልከኝ። ሌሊቱን ሙሉ እጄን ሳየው ነው ያደርኩት።»

ፖሊሱ መጥቶ ሸሪኩን በክንዱ ያዘው። ደውሉ ሊዘልበት ሲል መምህሩ ከወገቡ አቀፈው፤ ሁለቱም ተንገዳግደው ግድግዳው ላይ ተደገፉ። እንዲያ እንደተያያዙ ቆዩ፤ ሸሪኩ በበሮቹ መካከል እስኪወጣ።

«ወንድሜ ይወጣል?» አለ ደውሉ በመጨረሻ። እየጮኸ እንደሆነ አላወቀም።

«የሚፈታው ዳኛ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሁለቱን ክዳኖችና ካርቶኑን ግን ዛሬውኑ ራሴ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርለታለሁ።»

«በነጭ ጨርቅ ላይ ያድርጉለት» አለች ልጅቷ። ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ንጹሕ ጨርቅ መዝዛ ሰጠቻት።

መርማሪዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ቀና ብላ «ልጄ» አለች። «አባትሽ ዝጊው ሲልሽ የዘጋሽው ለአቧራ ነው። ሌላ ምንም አልዘጋሽም።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። መኪናው ኋላ ሄዳ ክዳኑን ፈታች። ፍስስስስ አለ። ቁልፉን ስታዞረው ሞተሩ በአንዴ ተነሣ። ክዳኑን መርማሪዋ በያዘችው ጨርቅ ላይ፣ መምህሩ በሚያየው በኩል አስቀመጠችው።

«ሕመሙ ይኸው፣ መምህር።»

መምህሩ ክዳኑን አየ፣ ጉድጓዱን አየ። «ጮኼበት ነበር» አለ።

«ይጮኹበት ነበር ሁሉም» አለች ልጅቷ። « እሱ ሞተሩን ነበር የሚያዳምጠው።»

ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ጭሱም እየተጠራቀመ። ልጅቷ ወደ ትልልቆቹ በሮች ሄደች። አንድ አፍታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ከዚያ ሁለት እጇን ብረቱ ላይ አሳርፋ፣ በሙሉ ክብደቷ ተደግፋ ገፋቻቸው። በሮቹ እየጮኹ እስከ ግድግዳው ተከፈቱ፤ ነፋሱ ከነአቧራው ገባ። እግሯ ሥር ካሉት ድንጋዮች ሁለቱን አንሥታ እንዳይመለሱ በየሥራቸው ወሸቀቻቸው።